እንቁራሪቶቹ በነበሩበት

ቫልፓራይሶ ላይ፣ ከወደቡ በላይ፣
ቤት በቤት ጫንቃ ላይ ተንጠላጥሎ ሲታይ፣
ሎስ ሳውሴስ ይሉታል ያንን ኮረብታ፤
አኻያ ማለት ነው፤
ግን አኻያ የለም፣ ለምልክት እንኳ አንድ፣ በዚያ ሁሉ ቦታ።

ከማዘጋጃ ቤት ነበር የመጣሁት፣
ጥቅል ወረቀቴን በብብቴ ሸጉጬ፤
ከደረጃው ግርጌ፣ ለመኪና ማቆሚያ፣
አንድ ሜዳ መርጬ፤
በቀይ እርሳስ «ባዶ» ብዬ የጻፍኩበት፣
ከሰማይ ፎቶ ሲያነሱት
ምንም የሌለበት።

ስብሰባው ማክሰኞ። አሥራ አንድ ሰው መጣ፦
ሦስቱ ከፀሐይ ሽሽት፣
አንዲቱ የክትባት ቀን መስሏት፣
የቀሩት ሊቆጡ፤
ወንበር እየጎተቱ በጎን በጎን ተቀመጡ።

ኖልቤርቶ ድሮ ጋዝ ሻጭ ነበረ፤
ሲሊንደር በብረት እየቀጠቀጠ፣
ደረጃ ለደረጃ አርባ ዓመት የዞረ።
መነጽሩን ሳይሻ ጣቱን ከካርታዬ ላይ አኖረ።
«እዚህ ስመታው» አለ፣ «ድምፁ ሄዶ ይቀራል፤
እዚህ ከግንቡ ጋር ተላትሞ ይመለሳል፤
እዚህ ጋ ግን...» ጣቱ ከቀዩ ቃሌ ላይ ቆመ፣
«ከሥር ነው የሚመልስ። ከበሮ ነው መሬቱ።
ሆድ አለው።»
ፈገግ አልኩ፣ ለይሉኝታ ያህል።
መሬት ሆድ እንዳለው ትምህርት ቤት አልነገሩኝም።

ያኔ ነው ኤደልሚራ፣ ልብስ ሰፊዋ፣
መርፌዋን ኮሌታዋ ላይ ሰክታ የተነሣችው።
«እንቁራሪት ነበር» አለች፣
«እንቅልፍ እስኪያሳጣን።
እናቴ በመስኮት ድንጋይ ስትወረውር
ጸጥ።
እኛ ከብርድ ልብስ ሥር፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...
አሥር ላይ አንዱ ደፋር ይጀምራል፤
ከዚያ ሰፈር ሙሉ።
እኔ ቁጥር የተማርኩት
በእንቁራሪት ዝምታ ነው፣ ልጄ።»

አዳራሹ ታመሰ።
«ወንዙን የደፈኑት ከርዕደ መሬቱ በፊት!»
«የለም፣ በኋላ ነው፤ እርጉዝ ነበርኩ እኔ!»
«በዚህ ነው የሚወርደው!»
«በዚያ ነው እንጂ፣ በዳቦ ቤቱ!»
ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ድልድይ ተጣሉ፣
ድልድዩ ከፈረሰ ሃምሳ ዓመቱ።

ማታ ወረድን፣ ከነጭቅጭቃችን።
ሌአንድሮ የሚባል የአሥር ዓመት ልጅ
ስልኩን በገመድ አስሮ በፍሳሹ ፍርግርግ አወረደ።
ዝናብ ካየን አምስት ወራችን ነበር።
ተንበረከክን፣
ጋዝ ሻጭ፣ ልብስ ሰፊ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣
ጆሯችንን ለብረቱ ሰጥተን፤
ከሥር
ውኃ፣
ወሬውን ሳይጨርስ በር የተዘጋበት።

ላጲሴ ወረቀቱን ቀደደው።
በቀዳዳው ጠርዝ ሰማያዊ መስመር ሳብኩ፤
ሽማግሌዎቹ በተጣሉበት ግን
ሁለት አደረግኩት፣ በነጠብጣብ፤
ማንን አስቀይሜ?

አለቃዬ አነበበ። ደግሞ አነበበ።
«መልካም፤ ግን ምንጭሽ ምንድን ነው?»
«ምንጭ» አልኩት።
አልሳቀም።
ከሳምንት በኋላ መቆፈሪያ ላከ፤
ሁለት ሜትር ሳይወርዱ
የመሐንዲሱ ካልሲ ራሰ።
ሆድ ይፍጀው ብሎ የኖረ መሬት
ጫማው ላይ ተነፈሰ።

ማቆሚያው አርባ እርምጃ ተገፋ፤ አልቀረም።
አኻያ ተከልን፣ ስድስት፤ ሁለቱ ጸደቁ።
እንቁራሪት ግን አልመጣም።

ኤደልሚራ በመሸ ቁጥር መስኮቷን ትከፍታለች፤
ድንጋይ ትወረውራለች፣
ቀድሞውኑ ጸጥ ወዳለው ጨለማ።
ከደረጃው ቆሜ እሰማታለሁ፦
...ዘጠኝ፣ አሥር፣
አሥራ አንድ፣
አሥራ ሁለት፣